የቀትር ሳቅ

ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአመልማል ምንዳዬ፤ ከሚሴ።

በጌታችን መቃብር ደጃፍ ቆሜ የእናታችንን ስም፣ ቀጥዬም ያንቺን ስም ጠርቻለሁ። እንዴት ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ባልሽ እሸቴስ? ጎረቤታችን እቴ ሀዲጃ፣ ልጆቿ፣ ፍየሎቿ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ለዚህም ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ትንሣኤን እዚህ ማክበር ምን እንደሚመስል እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ! ቅዳሜ ዕለት ብርሃኑ ከመቃብሩ ሲወጣ ሰዉ አበደ ነው የምልሽ። ዐረቡ ጎረምሳ ጓደኛውን በትከሻው ተሸክሞ ያጨበጭባል፤ ግሪኩ ይጮኻል፤ የእኛዎቹ አባቶች ደግሞ በሰገነቱ ላይ ከበሮ እየመቱ ይዞራሉ። እኔ የምረዳቸው ሽማግሌ መነኩሴ አሉ፤ አባ ኪዳነ ማርያም ይባላሉ። ጥርስ የሌለው አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ዕንባቸው ጺማቸውን አራሰው። «አባቴ፣ በዚህ ቅዱስ ስፍራ ይሳቃል እንዴ?» ብላቸው «ጌታ ከተነሣ በኋላ ታዲያ ምን ቀረን?» አሉኝ። አባታችን በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው።

ልጅ ዲያቆን ሳለሁ በቅዳሴ መሃል የእቴ ሀዲጃ ፍየል ገብታ የመምሬ ይመርን ካባ ጫፍ ያኘከች ዕለት ትዝ ይልሻል? እኔ በሳቅ የያዝሁትን የዕጣን ጥና ልጥል ምንም አልቀረኝም። መምሬ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ አሰገዱኝ። ቤት ስደርስ ደግሞ እማዬ አርጩሜ ቆርጣ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ክንዴን ይዛ አርጩሜውን እንዳነሣች «ለመሆኑ ካባውን ዋጠችው ወይስ ተፋችው?» ብላ ጠየቀችኝና እሷው ፈንድታ ሳቀች፤ አርጩሜውም ከእጇ ወደቀ። አባታችንም ከውስጥ ሆኖ «ይህን ሳቅ ከናቱ ነው የወረሰው፣ እኔ የለሁበትም!» አለ።

አሁን አንድ ነገር አለ፤ ለእማዬ በጥሩ ቃል አድርገሽ ንገሪያት። አባ ኪዳነ ማርያም ዐይናቸው ደክሟል፤ የሚያነብላቸው ሰው ይሻሉ። ስለዚህ ክረምቱን እዚሁ እንድቆይ አባቶች ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ። መስከረም ሲጠባ እመለሳለሁ። ጉልበቷን ስሜያለሁ።

ወንድምሽ በዛብህ ምንዳዬ


ከሚሴ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዲያቆን በዛብህ፤ ኢየሩሳሌም።

ሰላምታዬ ከቦርከና ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ ባለህበት ይድረስህ። እማዬ «ግንባሩን ስሜዋለሁ በይው» ብላለች። እቴ ሀዲጃም «አላህ ከክፉ ይጠብቀው፤ ፍየሌን በደጉ ያንሣልኝ» ትላለች። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሆዴ ገፍቷል፣ በኅዳር ትወልጃለሽ ይሉኛል።

ደብዳቤህን ለእማዬ ሳነብላት የፍየሏ ታሪክ ጋ ስደርስ ዐይኗ ሲስቅ አየሁት። «ክረምቱን እቆያለሁ» ያልኸው ጋ ስደርስ ግን ነጠላዋን ስባ አፏ ላይ አደረገች። ስትሄድ «ትንሣኤን ተሳልሜ እመጣለሁ» አልነበር ያልሃት? በማግሥቱ ገብርኤል ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ተስላ ነው የገባችው።

ሰው ጃንጥላ ይሳላል፤ ጧፍ ይሳላል፤ ያለው መጋረጃ ይሳላል። የኛዪቱ ምን የተሳለች መሰለህ? ሳቋን! «ልጄን ደጄ ላይ እስክታቆምልኝ ድረስ ጥርሴ ለሳቅ አይገለጥም፤ ቤቴም ሳቅ አይሰማም» አለችው መልአኩን። መምሬ ይመር ሰምተው መጡና «ወለተገብርኤል፣ ይህ ምን የሚሉት ስለት ነው? ገብርኤል ሳቅሽን ምን ያደርገዋል?» ቢሏት «እሱ ያውቅበታል» አለቻቸው። ንስሓ ሰጥቼ ልፍታሽ ቢሉም እምቢ አለች። የምታውቃት ናት፤ አንዴ ካለች አለች ነው።

መጀመሪያ ያኮረፈች መስሎን ነበር። አሁን ግን እሸቴ እንኳ ከመንገድ ሥራ ሲመጣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባ፤ የታመመ ሰው የተኛ ይመስል በሹክሹክታ ነው የምናወራው። እቴ ሀዲጃ ለወግ ስትመጣ አጥሩ ጋ ቆማ ጨዋታዋን ጨርሳ ትመለሳለች። «ወላሂ አመልማል፣ እናንተ ቤት ስገባ ምላሴ ይከብደኛል» አለችኝ። ያ ጎረቤቱ ሁሉ ለሳቅ የሚሰበሰብበት ቤት፣ አባታችን ፍርድ ቤት ውሎ ያየውን የባለጉዳይ አነጋገር እያስመሰለ የሚያስፈነድቀን ቤት፣ ዛሬ የዝንቡ ድምፅ ይሰማበታል።

መስከረም መግባቱ ነው። ናልን። ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።

እኅትህ አመልማል


ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እኅቴ ለአመልማል።

የቅዱሳን በረከት በቤታችሁ ይደር። በሰላም መገላገልሽን ከደሴ የመጡ ተሳላሚዎች ነግረውኝ እልል አልሁ። ሴት ልጅ ናት አሉኝ፤ ስሟን ግን አያውቁም። ማን አላችኋት? እማዬ አያት ሆነች ማለት ነው!

መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ። ከጥቅምት ወዲህ ብርድ መትቶኝ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ተነሥቻለሁ። ለእማዬ የዕንቁ ቅርፊት መስቀል፣ ለልጅሽ ከትንሣኤው ብርሃን የበራ ጧፍ ልኬያለሁ። የሚመጣ ሰው ብታገኙ ደግሞ እማዬ በእጇ የቆላችው ሽምብራ ላኩልኝ። ስታመም ያማረኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ስለቷ ብዙ አሰብሁ። ሣራ በእርጅናዋ ወልዳ ስትስቅ እግዚአብሔር አልተቆጣትም፤ ልጇም በዚያው በሳቋ ነው የተጠራ። ይህን ንገሪያት። የልጅ ልጇን ታቅፋ እንዴት ሳትስቅ ትቀራለች? ሳቂ በያት፤ በዛብህ ለመነሽ በያት።

መመለሴን በሚመለከት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

በዛብህ


ከሚሴ፣ ግንቦት 18 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበዛብህ።

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር አቃተኝ፤ በሕይወት መኖርህን ሳላውቅ እንዴት ነህ ይባላል? ሽምብራውን በመነኮሳይት እጅ ልከን ዓመት አለፈው። ደረሰኝም አልደረሰኝም አላልህም። ልጄ ትርንጎ ትባላለች። በእግሯ መሄድ ጀምራለች።

የምጽፍልህን ነገር ሳትደነግጥ አንብበው። ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ ቀትር ላይ። የከሚሴን ቀትር ታውቀዋለህ፤ ከጨፋ ሜዳ በኩል ሙቀቱ ሲመጣ ውሻ እንኳ ከግድግዳ ጥላ አይወጣም፣ መንደሩ ሁሉ ጭጭ ይላል። እኔ ከቤት ተቀምጬ ማሽላ እለቅማለሁ፤ እማዬ ፊት ለፊቴ ፈትል ትፈትላለች። በስተጓሮ፣ ከብሳናው ዛፍ ሥር፣ ሳቅህ ተሰማ።

ሰው ይስቃል፤ የማንም ሳቅ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። ግን ያንተን ሳቅ እንዴት አጣዋለሁ? መጀመሪያ በአፍንጫህ ታፍነዋለህ፣ ከዚያ ሁለቴ ይቆራረጥብሃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ልክ እንደዚያው ነበር። ማሽላውን በትኜ ወጣሁ። ማንም የለም። የብሳናው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ያን ጊዜ እቴ ሀዲጃ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «አመልማል! በዛብህ ገባ እንዴ? ሳቁን ሰማሁት ኮ!» አለች። ዘወር ስል እማዬ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች። «ልጄ ሞተ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ይመጣል። አንዳንዴ ይጠፋና ተወን ስንል ይሰማል፤ ሁልጊዜ ቀትር ላይ፣ ሁልጊዜ ከብሳናው ሥር። እሸቴ የእኔና የእማዬ ቅዠት መስሎት ችላ ይለው ነበር፤ አንድ እሑድ እሱም ሰምቶ ፊቱ አመድ መሰለ። መምሬ ይመር «የቀትር ጋኔን ነው፤ በልጅሽ ድምፅ እያታለለሽ ነው» ብለው ጠበል ይዘው መጡ። እማዬ የጓሮውን በር በሁለት እጇ ያዘችና «ልጄን በጠበል አታባርሩብኝ! ጋኔንም ከሆነ በልጄ ድምፅ ነው የሚስቀው፤ ይሳቅ!» አለቻቸው። መምሬ ጠበላቸውን ይዘው ተመለሱ።

አሁን ቀትር ሲቃረብ ምንጣፏን ይዛ ከዛፉ ሥር ትቀመጣለች። በጣሳ ውኃ ቀድታ ታስቀምጣለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሳቁ ሲሰማ ዐይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አትስቅም፣ ስለቷን አስባ ነክሳ ትይዘዋለች። ሳቁን መፍራት ትቻለሁ በዛብህ። የምፈራው እሷ ስትጠብቀው ነው።

በሕይወት ካለህ አንድ መስመር በእጅህ ጻፍልን። መመለሱን ተወው።

አመልማል


ከሚሴ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1951 ዓ.ም.

በዛብህ፣

መልስ የለም። እማዬ ተዝካርህን ላውጣ ብላ ጌሾና ብቅል አዘጋጅታ ነበር። መምሬ ይመር «ሞቱ ያልታወቀ ሰው አይፈታም» ብለው ከለከሏት። አሁን አልቅሳ አይወጣላት፣ ስቃ አይወጣላት፤ በመሃል ቤት ቆማ ቀርታለች።

ስለ ትርንጎ ልንገርህና ላብቃ። ሕፃን ሳለች በተኛችበት ስትስቅ መላእክት እያጫወቷት ነው እየተባለ ሰው ሁሉ የሚደሰትበትን ነገር፣ እማዬ ቀስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍንባት ነበር። አሁን ልጅቷ ራሷ ሆናለች። ሳቅ ሲመጣባት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓዳ ትሮጣለች። ከዚያ ዐይኗ ዕንባ ሞልቶ ተመልሳ ትወጣለች። የክርስቲያን ልጅ ሳቅን እንደ ኃጢአት ስትደብቅ ማየት አንጀቴን በላው። ለእናትህ ካላዘንህ ለዚች እዘን።

አመልማል


ኢየሩሳሌም፣ ኅዳር 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአመልማል።

ሰላም ለአንቺ፣ ለእናታችን፣ ለትርንጎም ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሽምብራውም ደርሶኛል። ዝም ያልሁት ጨክኜ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር በሕይወት ላለ ልጅ የሚጻፍ ስላልመሰለኝ ነው።

ብርድ መታኝ ያልሁሽ ጊዜ ሞት አፋፍ ላይ ነበርሁ። «ካዳንኸኝ ቀሪ ዕድሜዬ ለዚህ ደጅ ይሁን» ብዬ ለዚያው ለገብርኤል ተሳልሁ። እማዬ እዚያ ልጄን መልስልኝ ብላ ትሳላለች፣ እኔ እዚህ አልመለስም ብዬ እሳላለሁ። ያን ምስኪን መልአክ በሁለት ስለት መሃል አስጨነቅነው። ዳንሁ፤ ስለቴንም ከፈልሁ። ሰው ሲመነኩስ እንደ ሬሳ በመግነዝ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይተኛና የሙታን ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዓለም ሞተ ማለት ነው። እኔም ተጠቅልዬ ተኛሁ። ቀኑ ያ አንቺ የጻፍሽልኝ ነው፤ የዐምና ኅዳር ሚካኤል፣ ቀትር ላይ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርሁም። ፍትሐቱን የመሩት አባ ኪዳነ ማርያም ናቸው። ዐይናቸው አያይም፤ በቃላቸው ነው የሚሉት። የሟቹን ስም መጥራት ሲደርስ ጠፋባቸው። «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንዱ አንዱን ያያል መሰለኝ፤ የሚመልስ ጠፋ። እኔ መቼም ሁልጊዜ የማነብላቸው፣ ሲጠይቁኝ የምመልስላቸው ሰው ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ከመግነዙ ሥር «ገብረ መድኅን ነኝ አባቴ» አልሁ። አባ ኪዳነ ማርያምም ተቆጥተው «የሞተ ሰው ዝም ይበል!» አሉ።

ሳቅሁ። አመልማል፣ ተገንዤ፣ ፍትሐት እየተደገመልኝ ሳቅሁ። ጨርቁ በላዬ ላይ እስኪነሣና እስኪወድቅ ነው የሳቅሁት። መጀመሪያ አንዱ አባት፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በኋላም አበ ምኔቱ ሳይቀሩ ሳቁ። በመጨረሻ አባ ኪዳነ ማርያም ራሳቸው «እንግዲህ ደስ ብሎት ሞቷል፤ ቀጥሉ» አሉ፤ ቀጠሉም። ያን ጊዜ እማዬ ትዝ አለችኝና ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቄን አላገኘሁትም። ደስታ አጥቼ አይደለም፤ ደስ ይለኛል፣ እዘምራለሁ፣ ሰው ሲጫወት ፈገግ እላለሁ። ያ የሚፈነዳው ግን ከእኔ ጋር የለም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ወዴት እንደሄደ ገባኝ። ይህ ከሃይማኖት ጋር እንዴት እንደሚስማማ አላውቅም፤ አባቶችንም አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ።

አልመጣም። ለእማዬ መንገሩን ለአንቺ ትቻለሁ። ከነገርሻት ግን ሁሉንም ንገሪያት፤ የሳቅሁትንም።

አባ ወልደ ትንሣኤ
(ያንቺው በዛብህ)


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደ ትንሣኤ።

በረከትዎ ይድረሰን። እንደምን ሰነበቱ አባ? እንዲህ አድርጌ አንቱ እያልሁ እስከ መጨረሻው ልጽፍ ነበር አሳቤ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በለኝ፤ አንተ ልበልህ።

ደብዳቤህ በሑዳዴ መሃል ገባ። ብቻዬን አንብቤ ለሁለት ገበያ ያህል በመቀነቴ ይዤው ዞርሁ። በኋላ መምሬ ይመርን ጠርቼ በፊታቸው ለእማዬ አነበብሁላት። እቴ ሀዲጃም እንደ ልማዷ አጥሩ ማዶ ነበረች። እማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ስጨርስ ወደ መምሬ ዞረችና «ሙት ነው ወይስ ሕያው?» አለቻቸው።

«ለዓለም ሙት ነው፤ ለእግዜር ሕያው ነው» አሏት።

«ለኔስ?»

መምሬ ጺማቸውን ያዙ፣ ለቀቁ። እሷም «እስቲ ያን ስሙን የጠየቁበትን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። «ገብረ መድኅን ነኝ አባቴ» ያልኸው ጋ ስደርስ ከአፍንጫዋ አንድ ነገር ታፍኖ ወጣ። «የሞተ ሰው ዝም ይበል» ስል ሁለቴ ተቆራረጠባት። ከዚያ ፈነዳ። በዛብህ፣ ያ ከብሳናው ሥር የምንሰማው ሳቅ ነበር፣ አንድም ሳይጎድል። እሷ ራሷ ነበረች እንዴ ያን ሁሉ ጊዜ እንዳልል ያኔ ፊት ለፊቴ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣ አይቻታለሁ። እቴ ሀዲጃ አጥሩን ገፍታ እየሮጠች ገባች። «መጣ አይደል? ወላሂ መጥቷል፣ ሰማሁት!» እያለች ጓዳ ለጓዳ ፈለገችህ። እማዬን ስታይ ጊዜ «ያ ረቢ» ብላ እመሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ትርንጎ አያቷ ስትስቅ አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ አለቀሰች።

ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ አንተም እንዲሁ ሆነብኝ ብለሃል። እማዬ ሐዘን ተቀመጠች። መምሬ «ፍትሐቱ ተደርጎለታል፤ እናት ብታለቅስ ነውር የለበትም» አሉ። ከመስጊዱ ሠፈር ሳይቀር ሰው መጣ። እቴ ሀዲጃ ንፍሮ አስቀቅላ አመጣች። አንዱ የፍየሏን ነገር አነሣ፣ ሌላው የመግነዙን፤ ድንኳኑ አንዴ በልቅሶ አንዴ በሳቅ ሲናጥ ዋለ። እማዬ «በጾም ሳቅሁ፤ ስለቴንም አፈረስሁ» ብላ ብትጨነቅ መምሬ «ስለትሽን መልአኩ ራሱ ነው የመለሰልሽ፤ ምን እንደሚያደርግበት እሱ ያውቃል አላልሽም?» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀትሩ ዝም አለ። እማዬ ለጥቂት ጊዜ ምንጣፏን ይዛ ወጣች። ቆይታም ጣሳውን አንሥታ ውኃውን ከዛፉ ሥር ደፋችው። «ሄደ» አለችኝ። ወዳንተ ተመልሶ እንደሆን ጻፍልኝ፤ ካልተመለሰ ደግሞ እኔ ወዴት ብዬ እፈልገዋለሁ?

ትናንት ቀትር ላይ ነው። እኔ ከቤት ደጃፍ ነበርሁ፣ እማዬ ውስጥ ጋደም ብላለች። ከብሳናው ሥር ያው ሳቅ ተሰማ፤ በአፍንጫ ታፈነ፣ ሁለቴ ተቆራረጠ፣ ፈነዳ። ከውስጥም እማዬ «በዛብህ?» ብላ ተጣራች።

ዞሬ ደረስሁ። ትርንጎ ናት። የእቴ ሀዲጃ ግልገል የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ይጎትታታል፤ እሷ እጆቿን ዘርግታ ትስቃለች። ሲያያት የቆየ ሰው መኖሩን ስታውቅ ደነገጠች፤ ሁለቱ እጆቿም ወደ አፏ መውጣት ጀመሩ። በርከክ ብዬ ያዝኋቸው።

«ሳቂ» አልኋት።

ፊቴን አየችው፣ ግልገሉን አየችው፣ ሳቀች። እማዬም ከቤት ሆና ሰማች፤ ሁለተኛ ግን አልተጣራችም።

በጸሎትህ አስበን፤ እኛም በሳቃችን እናስብሃለን።

እኅትህ አመልማል